አንድ ዓይና ተዋናይና የከሰል ሥዕሎቹ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት፥ ስለ ሳይንስና ስለ ልዩ ልዩ ሙያዎች የተጻፉ ጽሑፎችን ስናነብ ቆይተናል። እኔም በዚህ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቴ ስለ ሆነ የበኩሌን ለማበርከት ፈልጌ ሦስቱንም ባንድነት የሚነካ ርእስ መረጥሁ። ርእሴ ፒተር ፎልክ የተባለው አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ተዋናይ ነው። ዓለም ያወቀው በትወናው ሲሆን ሁለተኛ ሙያው ግን በእርሳስና በከሰል ሥዕል መሣል ነበር። ከሦስት ዓመት ዕድሜው ጀምሮ የነበረው ዓይንም አንድ ብቻ ነው።

ይህን ርእስ ለምን እንደ መረጥሁ ሳልደብቅ ብናገር ይሻላል። የክፍል ጓደኞቼ እንደምታውቁት የግራ ዓይኔ አያይም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ገና ስንጫወት ከእንጨት የተጠረበችው ሩር ተፈናጥራ መታችኝ። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አልነበረም። ሐኪሞችም የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገው ነበር፤ ነገር ግን ብርሃኑ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ከአያቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን በሄድሁ ቍጥር የግድግዳውን ሥዕሎች በፍርሃት እመለከት ነበር። ባገራችን በጥንቱ የሥዕል ሥርዐት ቅዱሳን ፊት ለፊት ከነሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ። ክፉዎችና ሰይጣናት ግን በጎን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን አያቴን «እኔስ ከየትኞቹ ወገን ነኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፥ እነዚያ አንድ ዓይን ብቻ የሚታያቸው ፊታቸውን ስላዞሩ ነው። አንተ ፊትህን አታዙር» አሉኝ።

ምክሩን ሰማሁ እንጂ አልፈጸምሁትም። በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የግራ ጎኔን ለግድግዳው ሰጥቼ እቀመጥ ነበር። ፎቶግራፍ በምንነሣበትም ጊዜ ፊቴን ዘወር አደርጋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ያዘንሁበት ግን ሌላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወድ ነበር። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ግን አንድ የማከብረው ታላቅ ሰው ሥዕሌን አይቶ «አንድ ዓይን ያለው ሰው ጥልቀትና ርቀት አይታየውም፤ ስለዚህ ሠዓሊ ለመሆን አይችልም» ብሎ ነገረኝ። ነገሩን በክፋት የተናገረው አይመስለኝም። እኔ ግን እርሳሴን አስቀምጬ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳልሥል ቀረሁ።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰው አጥርቶ ለመሣል ይችላልን? መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት፥ ከዓይን አሠራርና በክፍላችን ካደረግነው ትንሽ ሙከራ እንፈልገዋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የፒተር ፎልክ ሕይወት ባጭሩ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ምሽት «ኮሎምቦ» የሚባለውን የቆየ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አብረን ስናይ፥ አጎቴ «ይህን መርማሪ ልብ ብለህ ተመልከተው፤ ቀኝ ዓይኑ ሰው ሠራሽ ነው» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፊቱን ስመለከት ቆይቼ እኔ፥ ነገሩን ከማንም በፊት ማወቅ የሚገባኝ፥ አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ሰው የተጻፈውን እየፈለግሁ ማንበብ ያዝሁ።

ፒተር ፎልክ በ1927 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በቀኝ ዓይኑ ውስጥ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የነቀርሳ በሽታ ስለ ተገኘበት ሐኪሞች ዓይኑን አወጡት። ከዚያ በኋላ ሰው ሠራሽ ዓይን አደረገ። ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው ያ ዓይኑን ጨፈን የማድረጉ ልማድ የመጣው ከዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከጓደኞቹ አላራቀውም። በኒው ዮርክ ግዛት ኦሲኒንግ በምትባለው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲማር ቤዝቦልና የቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር፤ የክፍሉም አለቃ ሆኖ ተመርጧል። አንድ ጊዜ የቤዝቦል ዳኛ ያላግባብ ፈረደብኝ ብሎ ስለ ተናደደ፥ ሰው ሠራሽ ዓይኑን አውጥቶ እንዲያይበት ለዳኛው እንደ ሰጠው ራሱ እየሣቀ ተናግሯል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ በጣም ሣቅሁ። ቀጥሎም ዝም ብዬ አሰብሁ። እኔ በግድግዳ የምሸፍነውን ነገር እርሱ በሰው ሁሉ ፊት በእጁ ይዞታል።

በ1945 ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ጦር ሠራዊት ለመግባት ጠየቀ፤ በዓይኑ ምክንያት አልተቀበሉትም። ስለዚህ በንግድ መርከብ ላይ በወጥ ቤት ሠራተኛነት አገለገለ። ከዚያ ተመልሶ በ1951 በሥነ ጽሑፍና በፖለቲካ ሳይንስ፥ በ1953 ደግሞ በሕዝብ አስተዳደር ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማም በመንግሥት የበጀት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ቀን በመሥሪያ ቤቱ እየሠራ በትርፍ ጊዜው ቴያትር ይጫወት ነበር። በ1956 የ29 ዓመት ሰው ሳለ ያንን የታመነ ሥራ ትቶ ተዋናይ ለመሆን ወደ ኒው ዮርክ ሄደ።

በፊልም ዓለም መጀመሪያ የጠበቀው መልስ መልካም አልነበረም። የኮሎምቢያ ፊልም ኩባንያ አለቃ የነበረው ሃሪ ኮን በዚሁ ዋጋ ሁለት ዓይን ያለው ተዋናይ አገኛለሁ ብሎ እንደ መለሰው ይነገራል። ሆኖም በ1960 እና በ1961 በወጡ ሁለት ፊልሞች ተከታትሎ ለኦስካር ሽልማት ታጨ። በ1968 መርማሪው ኮሎምቦ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ታየ። ተከታታዩ ፊልም ከ1971 እስከ 1978፥ ኋላም ከ1989 እስከ 2003 ቀጥሎ በጠቅላላው 69 ክፍሎች ወጡለት። ፎልክ በሕይወቱ አምስት ጊዜ የኤሚ ሽልማት ሲያገኝ አራቱን ያገኘው በኮሎምቦ ነው። በ2011 በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

ሁለተኛው ሙያ

በኒው ዮርክ ከተማ «አርት ስቱደንትስ ሊግ» የሚባል በ1875 የተመሠረተ የሥዕል ትምህርት ቤት አለ። የትምህርት ቤቱ ልማድ ከሌሎች የተለየ ነው። ማንም ሰው ተመዝግቦ ይገባል፤ ነጥብና ማዕረግ የሚባል ነገር የለም፤ ጀማሪውና የበቃው ባንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ይሥላሉ። ፒተር ፎልክ ለብዙ ዓመታት በዚህ ትምህርት ቤት ተምሯል።

እስቲ ይህን ነገር በልባችን እንመልከተው። ስሙ በየአገሩ የታወቀ፥ በመንገድ ላይ ሰው የሚከበው ተዋናይ እንደ ማናቸውም ተማሪ ወረቀቱን ዘርግቶ ይቀመጣል። በቴሌቪዥን የታወቀ መሆኑ እዚያ ምንም አይረዳውም። ትከሻው ጠምሞ የተሣለ እንደ ሆነ ጠምሞ ይታያል። እኛ ተማሪዎች ስሕተታችን እንዳይታይ ምን ያህል እንደምንጨነቅ ስለማውቅ፥ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይልቅ ይህን አደነቅሁለት።

አብዛኞቹ ሥዕሎቹ የሰው ሥዕሎች ናቸው። በእርሳስና በከሰል የሴቶችን አካል አቋምና አቀማመጥ፥ የሰዎችን ፊት፥ አንዳንድ ጊዜም ኮሎምቦን ሆኖ ራሱን ሥሏል። በጥቅምት ወር 2006 በኦሃዮ ግዛት ያንግስታውን ከተማ ባለው በትለር የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ተቋም ሥዕሎቹ ለሕዝብ ታይተዋል። ይህ ተቋም በ1919 የተመሠረተና የአሜሪካ ሠዓልያንን ሥራ ለይቶ ለማሳየት የተሠራ ቤተ መዘክር ነው። በዚያው ዓመት ፎልክ የሕይወት ታሪኩን የያዘ መጽሐፍ አሳትሟል። የመጽሐፉም ስም ኮሎምቦ ከበር ተመልሶ ዘወትር የሚናገረው «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» የሚለው አነጋገር ነው።

«ዝነኛ ባይሆን ሥዕሉን ማን ያይለት ነበር?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ዝና በር እንደሚከፍት አይካድም። ነገር ግን ዝና በር ይከፍታል እንጂ መስመር አይሥልም። ሌሎችም ዝነኞች ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታት ወንበር ስበው እንደ ተማሪ የተቀመጡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሁለት ዓይን ላለው ሰው በዓይኖቹ መካከል ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ስለዚህ ሁለቱ ዓይኖች አንዱን ነገር የሚያዩት ከሁለት ቦታ ነው፤ የሚያዩትም ምስል በጥቂቱ ይለያያል። አእምሯችን ሁለቱን ምስሎች አዋሕዶ ከልዩነታቸው የነገሩን ጥልቀትና ቅርበት ያውቃል። ይህን ግልጽ አድርጎ ያስረዳው ቻርልስ ዊትስቶን የተባለው የእንግሊዝ ሳይንቲስት ነው። በ1838 ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው አንድ ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ፥ ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎች ተዋሕደው ባለ ጥልቀት ሆነው እንዲታዩ አደረገ።

እንግዲያው ያ ታላቅ ሰው የነገረኝ እውነት ነው ማለት ነውን? ግማሹ እውነት ነው። አንድ ዓይን ያለው ሰው ይህን የሁለት ምስል ልዩነት አያገኝም። ነገር ግን ጥልቀት የሚታወቅበት ምልክት እርሱ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ መጋረድ። ቤቱ ዛፉን ከጋረደው ቤቱ ከዛፉ ይቀርበናል ማለት ነው።

2ኛ፤ መጠን። አንድ ዐይነት ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች ቆመው አንዱ ትንሽ ሆኖ ቢታየን የራቀው እርሱ ነው።

3ኛ፤ ብርሃንና ጥላ። እንስራ ክብ መሆኑን የምናውቀው አንዱ ጎኑ በርቶ ሌላው ጎኑ ቀስ እያለ ስለሚጨልም ነው።

4ኛ፤ የአየር መጋረጃ። የሩቅ ተራራ ከቅርቡ ይልቅ ፈዝዞና ሰማያዊ መስሎ ይታያል።

5ኛ፤ እንቅስቃሴ። በአውቶቡስ መስኮት ስንመለከት የቅርቡ ምሰሶ ወደ ኋላ ሲሮጥ የሩቁ ተራራ አብሮን የሚሄድ ይመስለናል። ራሳችንን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስናነቃንቅም እንደዚሁ ነው።

ከነዚህ ከአምስቱ የመጀመሪያዎቹን አራቱን በወረቀት ላይ ማሳየት ይቻላል። ያ የሁለት ዓይን ምስጢር ግን በወረቀት ላይ አይወርድም፤ ምክንያቱም ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ሠዓሊ ሁለት ዓይን ቢኖረውም ሲሥል ያንን ትቶ በነዚህ ምልክቶች መገልገል ግድ ይሆንበታል። አንድ ዓይና ሰው ግን ጧት ከአልጋው ከሚነሣበት ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ በነዚሁ ምልክቶች ሲኖር ይውላል። እንግዲህ ጉድለት የተባለው ነገር በሥዕል ወረቀት ፊት የዕለት ተዕለት ልምምድ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ጉዳይ የጥንት ሠዓልያንም ያውቁት ነበር። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ የተሣለ ነገር እንደ ተፈጥሮው ጎልቶ ለመታየት የሚችለው ሁለቱንም በአንድ ዓይን ስንመለከታቸው እንደ ሆነ ጽፏል። ጀርመናዊው አልብሬሽት ዲዩረርም በ1525 ስለ መለካት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሠዓሊ ዓይኑን ባንድ ቦታ አስተካክሎ በመስታወት አሻግሮ እያየ ሲሥል አሳይቷል። በ2004 ደግሞ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሬምብራንት የራሱን ፊት የሣለባቸውን 36 ሥራዎች መርምረው፥ ሁለቱ ዓይኖቹ ባንድ አቅጣጫ ስለማይመለከቱ ምናልባት እንደ ሌላው ሰው በሁለት ዓይን ጥልቀት የማየት ችሎታ አልነበረው ይሆናል ብለዋል። ይህ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በክፍላችን ያደረግነው ሙከራ

በመጽሐፍ የተነበበ ነገር በእጅ ካልተሞከረ ግማሽ ዕውቀት ስለ ሆነ፥ በረጅሙ ዕረፍት ጊዜ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ሁለት ሙከራ አደረግን።

የመጀመሪያው የእስክሪብቶና የክዳኑ ሙከራ ነው። አንዱ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፥ እጁን ከጎን አምጥቶ፥ ባንድ ጊዜ ክዳኑን ሊገጥም ይሞክራል። ሁለት ዓይን ያላቸው ጓደኞቼ አንዱን ዓይናቸውን ሲሸፍኑ ብዙ ጊዜ ሳቱ፤ ክፍሉም በሣቅ ተሞላ። እኔ ግን ከነርሱ ይልቅ አገኘሁት። ይህም ከነርሱ ስለምበልጥ አይደለም። ሳላውቀው ራሴን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያነቃነቅሁ ርቀቱን የመለካት ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ያዝሁ ነው። ሁለት ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን ሁሉም በለጡኝ። ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ የማፈስሰው፥ ኳስ ሲወረወርልኝም የምስተው ስለዚህ ነው። ይህንንም አልደብቅም።

ሁለተኛው የሥዕል ሙከራ ነው። በጠረጴዛ ላይ አንድ ጀበና አስቀምጠን ከፊሎቻችን በሁለት ዓይን፥ ከፊሎቻችንም በአንድ ዓይን ሣልነው። የሥዕል አስተማሪያችን የትኛው በምን እንደ ተሣለ ሳይነገራቸው ወረቀቶቹን ሁሉ ተመለከቱ። ደኅና የተሣለውንና ያልተሣለውን ለዩ፤ በአንድ ዓይን የተሣለውን ግን ለይተው ለማውጣት አልቻሉም። ቀጥለውም «ልጆች፥ እኔ ራሴ መጠን ስለካ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሉን። ይህ ትንሽ የክፍል ሙከራ እንጂ የሊቃውንት ጥናት አይደለም። ለእኔ ግን ሁለት ዓመት ተዘግቶ የቆየውን በር ከፈተልኝ።

አስተማሪያችን ያስተማሩን የአለካክ ዘዴ እንዲህ ነው። እርሳሱን ይዘህ ክንድህን ሙሉ በሙሉ ዘርጋ፤ ክርንህ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቅ። አንዱን ዓይንህን ጨፍን። የእርሳሱን ጫፍ ከምትሥለው ሰው ራስ ጫፍ ጋር አስተካክል፤ አውራ ጣትህንም አገጩ ካለበት አድርስ። ያ ርዝመት አንድ «ራስ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ክንድህን ሳታጥፍ ቁመቱ ስንት ራስ እንደ ሆነ ቁጠር። የጐለመሰ ሰው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ራስ ተኩል ያህል ነው። በፊትም ላይ እንዲሁ ልክ አለ። ዓይኖች የሚገኙት ብዙ ጀማሪዎች እንደሚሥሉት ከግንባር አጠገብ ሳይሆን ከራስ ጫፍ እስከ አገጭ ካለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ስፋትም የአንድ ዓይን ስፋት ያህላል። ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ይህ ልክ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ልዩነቱን አይቶ መያዝ የሠዓሊው ሥራ ነው።

ስለ ከሰል ጥቂት ቃል

ፎልክ ይሥልበት የነበረው ከሰል ከሥዕል መሣሪያዎች ሁሉ ጥንታዊው ነው ለማለት ይቻላል። ባገራችን ደግሞ ከሰል የማያውቅ ቤት የለም። የሥዕል ከሰል ግን ለስላሳና ቀጭን መሆን ስላለበት ከአኻያ ወይም ከወይን ቅርንጫፍ ይሠራል። በቤት ለመሥራት ለሚፈልግ ዘዴው ቀላል ነው። እርሳስ የሚያህሉ ደረቅ ጭራሮዎችን ልጦ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ማጨቅ፥ ክዳኑን በምስማር ባንድ ቦታ ብቻ መብሳት፥ ከዚያም ጣሳውን እሳት ውስጥ ማስገባት ነው። እንጨቱ አየር ስለማያገኝ አመድ ሳይሆን ይከስላል። በቀዳዳው የሚወጣው ጢስ ሲያቆም ጣሳውን ከእሳት ማውጣት ይገባል። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ግን መክፈት አይገባም፤ አየር በገባ ጊዜ ከሰሉ ሊቀጣጠል ይችላልና። ይህንን ሁሉ ታላቅ ሰው ባለበት አድርጉ።

ለጥላ ትምህርት ከሰልን የሚያህል አስተማሪ የለም። በእርሳስ ስንሥል ዳር ዳሩን በመስመር ለመክበብ እንቸኩላለን። ከሰል ግን በጎኑ ተይዞ ሲታሽ ሰፊ ጥላ ያወጣል፤ ጥላው ከተቀመጠ በኋላ አፍንጫው ወይም ጉንጩ ራሱ ብቅ ይላል። ቢጨልም በጣት ይታበሳል። በዳቦ ውስጠኛ ክፍል ቀስ አድርጎ በመንካትም ብርሃን ያለበትን ቦታ ማንሣት ይቻላል፤ የጎማ ላጲስ ከመምጣቱ በፊት ሠዓልያን በዳቦ ያጠፉ ነበር። ስለዚህ የከሰል ሥዕል ስሕተትን ይታገሣል። እኔ ወደ ሥዕል የተመለስሁት በከሰል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሣልኋቸው ፊቶች ድንች ይመስሉ ነበር፤ እናቴም ስለ ጠቈረው ሸሚዜ ደጋግማ ተቈጥታኛለች። ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ከጊዜ በኋላ እኅቴ ራሷን በወረቀቱ ላይ ለይታ አወቀች።

ትወናና ሥዕል በምን ይገናኛሉ?

መጀመሪያ ሁለቱ ሙያዎች የተራራቁ ይመስሉኝ ነበር። «ኮሎምቦ»ን ደግሜ ካየሁ በኋላ ግን አሳቤን ለወጥሁ። በዚህ ተከታታይ ፊልም ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ያውቃል። የሚያጓጓው ነገር መርማሪው እንዴት አይቶ እንደሚደርስበት ነው። ኮሎምቦ ያረጀ የዝናብ ካፖርት ለብሶ፥ ራሱን ዘንበል አድርጎ፥ ሰው ሁሉ የናቀውን ትንሽ ነገር ይመለከታል። ካፖርቱም የራሱ የፎልክ ነበር። ሥዕልም እንዲሁ ነው። ጀበና ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን እንላለን፤ ልንሥለው ስንቀመጥ ግን ጡቱ ከየት ቦታ እንደሚነሣ አይተን እንደማናውቅ እንረዳለን። ማወቅና ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህንን አንድነት ያስተዋለ አንድ የፊልም አዘጋጅ ነበር። ቪም ቬንደርስ የተባለው ጀርመናዊ በ1987 «ሰማይ በበርሊን ላይ» እንደ ማለት ያለ ስም ያለው ፊልም ሠራ። በዚህ ፊልም ፒተር ፎልክ ራሱን ሆኖ፥ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚናገር ፊልም ለመሥራት ወደ በርሊን የመጣ ተዋናይ ሆኖ ይታያል። በሥራው መካከል ደብተሩን ይዞ ከጎኑ የተቀመጡትን፥ ማንም ልብ የማይላቸውን አጃቢ ተዋንያን ይሥላል። ኋላም ከአንድ የቡና መሸጫ አጠገብ ቆሞ፥ ለማይታየው መልአክ ስለዚህ ዓለም ትናንሽ ደስታዎች ይነግረዋል። ከነዚህም አንዱ እርሳስ ይዞ መስመር የማስመር ደስታ ነው። ተዋናዩ በእውነተኛ ኑሮውም ሥዕል ስለሚወድ ያ ትርኢት የማስመሰል አይመስልም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ አግኝተናል። አንድ ዓይን ያለው ሰው ሻይ ሲቀዳና ኳስ ሲቀበል የሚጐድለው ነገር አለ፤ ሲሥል ግን ጉድለቱ አያግደውም። የሚያግደው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አለመሞከር፥ በአንድ ሰው ቃል ተስፋ መቍረጥና ፊትን ማዞር ነው። ይህን የምለው ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ያባከንሁት እኔ ራሴ ነኝና።

ለወላጆቻችንም በትሕትና የማሳስበው አንድ አሳብ አለኝ። ፒተር ፎልክ ሥዕል ስለ ተማረ ትወናውን አልተወም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ልጃችሁ ከትምህርቱ ሌላ አንድ ነገር የሚወድ እንደ ሆነ፥ ትምህርቱን እስካልበደለ ድረስ እንደ ጊዜ ማባከኛ አትቍጠሩበት። የዛሬው ትርፍ ሥራ ነገ ሁለተኛ ሙያ ሊሆን ይችላል። ባይሆንም እንኳ የማየት ልማድ ይተርፈዋል። ለመምህራንም እንዲሁ፤ አንድ ተማሪ ለአንድ ነገር አይበቃም ከመባሉ በፊት እንዲሞክር ቢደረግ እውነቱ ከሙከራው ይታወቃል።

ባለፈው ወር በትልቅ ወረቀት ላይ የራሴን ፊት በከሰል ሣልሁ። በመስታወት ፊት ተቀምጬ መጀመሪያ እንደ ልማዴ ዘወር ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ያንን ወረቀት ቀድጄ ፊት ለፊት ሣልሁት። የማያየውን ዓይኔንም እንዳለ አስቀመጥሁት። ሥዕሉን ለአያቴ ሳሳያቸው ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። «ዓይንህን እንዳለ ሣልኸው?» አሉኝ። «አዎን» አልኋቸው። ሌላ አልተናገሩም፤ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ምስማር ምቱልኝ ብለው አዘዙ።

ለትምህርት ቤታችን የሥዕል ትርኢት ግን ለአንድ ሳምንት ያውሱኛል። ስትመጡ ታዩታላችሁ።